የስፖርት መኪና ኩርባ ላይ ወደ ውጪ ሲገፋ፦ አንደርስቲርን በሰስፔንሽን መቀነስ

መሪውን አዙረዋል፤ መኪናው ግን አፍንጫውን ወደ ኩርባው ውጪ እየገፋ ይሄዳል። መሪውን ሲጨምሩለት እጅዎ ላይ ይቀልላል፣ የፊት ጎማዎቹ ይጮኻሉ እንጂ አይዞርም። አንደርስቲር ይህ ነው፦ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ቀድመው አስፋልቱን ይለቃሉ። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የፊቱን ሞላና ስታቢላይዘር (የግራና የቀኝ ጎማን አገናኝቶ መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዘውን ዘንግ) በጠንካራ ይለውጣል። መሪው ፈጠን ብሎ ስለሚመልስ የተሻለ ይመስላል፤ ኩርባው መሃል ላይ ግን ችግሩ ብሶ ይገኛል።

ምክንያቱ ጎማው ራሱ ነው። ኩርባ ላይ ክብደት ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጪኛው ይሄዳል። ጎማ ጭነት ሲበዛበት የመያዝ አቅሙ ያድጋል፤ ነገር ግን በጭነቱ ልክ አያድግም፣ ጭነቱ እጥፍ ቢሆን አቅሙ ከእጥፍ ያንሳል። ስለዚህ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው የጭነት ልዩነት በሰፋ ቁጥር የሁለቱ ድምር አቅም ይቀንሳል። ሞላና ስታቢላይዘር ጠቅላላውን የክብደት ዝውውር እምብዛም አይለውጡትም፤ የሚለውጡት ከእሱ ላይ ፊቱ ምን ያህሉን፣ ኋላው ምን ያህሉን እንደሚሸከም ነው። ፊቱን ሲያላሉ ወይም ኋላውን ሲያጠነክሩ ድርሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊት ጎማዎችም እፎይ ይላሉ።

ብሎን ከመንካትዎ በፊት

መጀመሪያ መኪናው የሚገፋው የት ላይ እንደሆነ ይለዩ። ወደ ኩርባው ሲገባ ብቻ ከሆነ ፍጥነት አብዝተው ወይም ፍሬኑን በድንገት ለቀው ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሰስፔንሽን አያድነውም። ነዳጅ ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ኩርባው መሃል ላይ የሚገፋ ከሆነ ጉዳዩ የካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ያዘነበለበት ልክ)፣ የስታቢላይዘርና የሞላ ነው። ሲወጣ ነዳጅ እንደሰጡት የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፊቱ ቀሏል ማለት ነው፤ ነዳጁን ቀስ ብሎ መስጠት ከማንኛውም ዕቃ በፊት መሞከር አለበት።

ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንስተው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያሳርፉት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ አልቋል። ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ የመሪ ዘንጉን ጫፍ ይመልከቱ። የተሰነጠቀ ጎሚኒ ካለ መጀመሪያ እሱ ይለወጥ። የላላ ነገር ባለበት የሚለካ አላይመንት ጋራዡን ሳይለቁ ይዛባል።

አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፦ ፋብሪካዎች የመንገድ መኪናን አውቀው ወደ አንደርስቲር ያደላ አድርገው ይሠሩታል። የደነገጠ ሾፌር እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ መኪናው በራሱ መስመሩን እንዲይዝ ነው። እርስዎ የሚቀንሱት ይህን ጥበቃ ስለሆነ በትንሽ በትንሹ ይሂዱ፤ የሚሞክሩትም በዝግ ትራክ እንጂ በመንገድ ላይ አይሁን።

ንፋስና ካምበር

በፋብሪካው የቀዝቃዛ ጎማ ንፋስ ይጀምሩና በ0.1 ባር ልዩነት ይሞክሩ። ጥቂት ዙር ነድተው እንደቆሙ፣ ጎማው ሳይበርድ፣ በመርፌ በሚለካ ቴርሞሜትር የፊት ጎማውን ጥርስ በሦስት ቦታ ይለኩ፦ ውስጥ ጠርዝ፣ መሃል፣ ውጪ ጠርዝ። መሃሉ ከሁለቱ ጠርዞች ከጋለ ንፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዞች ከመሃሉ ከጋሉ አንሷል። የውጪው ጠርዝ ከውስጡ ከጋለ ጎማው ትከሻው ላይ እየተንከባለለ ነው፤ አሉታዊ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ሲያዘነብል) ጨምሩልኝ እያለ ነው። ውስጡ ከውጪው ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበልጥ ደህና ነው። መለኪያው ከሌለዎት በጎማው ትከሻ ላይ ጠመኔ ያስምሩ፤ ጠመኔው ወደ ጎኑ ወርዶ ከተፋቀ ንፋስ ወይም ካምበር ጎድሏል።

የተለመደ ለውጥ ሁሉ ይቅርና አንድ ብቻ ይደረግ ከተባለ የፊት ካምበር ይሁን። ለመንገድ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ አሉታዊ፣ ለትራክ ከ2.5 እስከ 3.5 ጥሩ መነሻ ነው። መኪናው ለጥ ባለ ወለል ላይ ቆሞ ከላይ ቱንቢ ቢያወርዱ፣ በቸርኬው የላይና የታች ጠርዝ መካከል 430 ሚሊሜትር ካለ፣ የ15 ሚሊሜትር ልዩነት 2 ዲግሪ ነው። ማክፈርሰን በሚባለው ዓይነት ሰስፔንሽን (ሾኩ ራሱ ጎማውን ከላይ በሚይዝበት) ላይ ካምበር የሚገኘው በኤክሰንትሪክ ብሎን (ሲዞር የያዘውን ክፍል በሚገፋ ብሎን) ወይም ከላይ በሚገጠም ካምበር ፕሌት ነው፤ በድርብ ዊሽቦን (ጎማውን ከላይና ከታች ሁለት ክንድ በሚይዙት ዓይነት) ላይ ብዙ ጊዜ የታችኛው ክንድ ኤክሰንትሪክ ብሎን ይበቃል። ከልክ ካለፈ ፍሬን ሲይዙ ጎማው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይቆማል፣ የማቆሚያ ርቀቱም ይረዝማል።

ካምበር ሲነካ ቶ (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የዞረበት ልክ) አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ቶ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይስተካከላል። ፊቱን ዜሮ ወይም በድምሩ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ወደ ውጪ የተከፈተ ያድርጉት፤ መሪው ሲዞር ቶሎ ይነክሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ መኪናው ቀጥታ መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል፣ የጎማው ውስጥ ጠርዝም በፍጥነት ያልቃል። የኋላው ቶ ወደ ውስጥ እንደተዘጋ ይቆይ። እሱን ከፍቶ አንደርስቲር ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ፍሬን ሲያዝ ኋላው ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል።

ስታቢላይዘር

የሚስተካከል ስታቢላይዘር ክንዱ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ አለው። ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳው፣ ወደ ዘንጉ የቀረበው ጠንካራው ነው፤ ክንዱ ሲያጥር ጥንካሬው በካሬ ያድጋልና። ክንዱ ከ250 ወደ 225 ሚሊሜትር ቢያጥር ጥንካሬው 23 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውፍረት ደግሞ በአራተኛ ኃይል ነው፦ ድፍን ዘንግ ከ20 ወደ 22 ሚሊሜትር ሲወፍር 46 በመቶ ይጠነክራል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ቀዳዳ ብቻ።

በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ ኋላውን ያጠንክሩ፤ የኋላው ውስጠኛ ጎማ ከመሬት ትንሽ ቢነሳ አይጎዳም። በኋላ ጎማ የሚነዳ ከሆነ ግን ፊቱን ማላላት ይቅደም፤ ኋላው ከጠነከረ ውስጠኛው ጎማ ቀልሎ ነዳጅ ሲሰጥ በከንቱ ይሽከረከራል። አገናኝ ዘንጎቹን መኪናው በጎማው ቆሞ ሾፌሩ ከተቀመጠበት በኋላ ያስተካክሉ፤ አንዱ ወገን ተወጥሮ ከታሰረ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው የተለያየ ይሆናል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ማክፈርሰን ያለው ለስላሳ መኪና ብዙ ሲያዘነብል ካምበሩን ያጣል፤ በቂ ካምበር መስጠት ካልተቻለ የፊቱን ስታቢላይዘር በመጠኑ ማጠንከር ከሚያጎድለው የበለጠ ይሰጣል። ይህን የሚወስነው የውጪው ጠርዝ ሙቀት ነው።

ከፍታና ሾክ

በሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው ወደ ታች ያውርዱትና ይንዱ። ሲመለሱ ማሰሪያው ቡሽ ላስቲኩ (ሾኩ ተጨምቆ ሲያልቅ የሚያርፍበት ላስቲክ) ድረስ ተገፍቶ ካገኙት ፊቱ ኩርባ ላይ ላስቲኩ ላይ እየተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ ሞላው ድንገት ድንጋይ ይሆናል፣ መኪናውም ደህና እየዞረ ሳለ በአንዴ ይገፋል። መፍትሔው ፊቱን ማንሳት ወይም ጠንከር ያለ ሞላ ነው፤ ፊቱን ማጠንከር የሚጠቅምበት ሌላው ቦታ ይህ ነው። ላስቲኩ ካልተነካ ፊቱን በ5 ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ይረዳል። የታችኛው ክንድ ከጎማው በኩል ሽቅብ እስኪያይ ድረስ ግን አይውረድ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው ባዘነበለ ቁጥር ካምበር እየጠፋ ይሄዳል።

ሾክ የሚሠራው መኪናው በሚያዘነብልበትና በሚመለስበት ቅጽበት ብቻ ስለሆነ ኩርባ መሃል ያለውን ግፊያ አያድንም። ሲገባ የሚገፋ ከሆነ የፊቱን ሾክ የመጨመቅ ማስተካከያ ሁለት ክሊክ ያላሉ። ክሊክ የሚቆጠረው በቀስታ ሙሉ ለሙሉ ከተዘጋበት ነው።

የክንድ ጎሚኒ ብሎኖች መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ይጠበቁ፣ የጎማ ዳዶዎችም በቶርክ ቁልፍ። ከዚያ አንድ ለውጥ፣ በዚያው ኩርባ፣ በተመሳሳይ የጎማ ንፋስ፤ ቁጥሩን ሁሉ ይጻፉ። ኩርባ ላይ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ኋላው ወደ ውጪ መውጣት ከጀመረ አልፈዋል፤ የመጨረሻውን ለውጥ ይመልሱ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ የኋላውን ስታቢላይዘር አንድ ቀዳዳ አላልተው ይውጡ፤ በደረቅ አስፋልት ልክ የነበረው ኋላ በእርጥቡ ቀድሞ ይሄዳል።