ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት፦ ጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ አጭር ፊልም መሥራት የሚፈልጉ ልጆች ስክሪፕታቸውን እንድመለከትላቸው ያመጡልኛል። ደስ ይለኛል። አንዱ ስህተት ግን ከልክ በላይ ስለተደጋገመብኝ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ።

እሱም ርዕሰ ጉዳይን ታሪክ ነው ብሎ መነሣት ነው። «ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» ስል «ስለ ስደት» ይሉኛል። «ስለ ሱስ»፣ «ስለ እናት ፍቅር»። ስለ ስደትማ ሬዲዮውም ያወራል! ታሪክ የሚጀምረው አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲፈልግና እንቅፋት ሲገጥመው ነው። ማን ነው? ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ባያገኘው ምን ይቀርበታል? ይህን ሳይመልሱ የቤተሰብ ገንዘብ ለካሜራና ለመብራት ኪራይ የሚያወጡ ልጆች ከልቤ ያሳዝኑኛል። ወረቀት ላይ መሰረዝ በነጻ ነው። ቀረጻ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ይከፈልበታል።

በቅርቡ አንድ ልጅ «ስለ ስደት» ብሎ መጣ። ማን ነው የሚሰደደው? «አንድ ወጣት።» የየት ልጅ? «የመራዊ።» የመንገዱን ገንዘብ ከየት አመጣ? ትንሽ አሰበና «እናቱ ጥማድ በሬዋን ሸጣ» አለኝ። እዚህ ላይ ቀና አልኩ። ታዲያ ሄደ? «አልሄደም። ባሕር ዳር ቀርቶ ከጓደኛው ጋር ተጋርቶ ባጃጅ ገዛ።» እናቱስ? «ሱዳን የገባ ነው የሚመስላት።» መራዊ ደግሞ ቅርብ ነው፤ እናትየው በማንኛውም ቀን ለገበያም ለሐኪም ቤትም ብቅ ልትል ትችላለች። አሁን ታሪክ አለን። ልጁ የሚደብቀው ነገር አለው፣ የሚፈራው ሰው አለ፣ እኛም እስኪገናኙ መጠበቅ እንጀምራለን።

ሁለተኛው ስህተት ገጸ ባሕርያቱ ሁሉንም ነገር በአፋቸው እንዲናገሩ ማድረግ ነው። በዚያው ልጅ የመጀመሪያ ረቂቅ እናትየው «በሬዎቼን ሸጬ በሰጠሁህ ገንዘብ ባጃጅ ገዛህበት? ከዳኸኝ!» ትላለች። ተመልካቹ እኮ ይህን ሁሉ አይቶታል። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ እናትየው ባጃጁን ዞራ አየችው፣ መሪውን ዳሰሰችውና «ይሄስ ሣር ይበላል?» አለች። በቃ። የጎጃም እናት ነገር የምትወረውረው እንዲህ ነው። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር አድገን፣ ምልልስ ላይ ሰሙን ትተን ወርቁን ብቻ ስናፈስ ያንገበግበኛል።

የማይቀረጽ ነገር አትጻፉ። «ልጅነቱን እያሰበ በጸጸት ተቃጠለ» ቢባል ካሜራው ምን ያያል? የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ጻፉ።

ርዝመቱንም አስቡ። በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። 40 ገጽ ይዞ «የ15 ደቂቃ ፊልም ነው» ማለት አያስኬድም።

ወቅትን መርሳት ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። ስክሪፕቱ ላይ ጢስ ዓባይ እያገሳ ይወርዳል፤ ቀረጻው ግን ሚያዝያ ላይ ነው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው በክረምት ማብቂያና በመስከረም ነው። በበጋ ግን ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፤ ውኃውም ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ገደሉ ላይ የሚወርደው ይሳሳል። አደይ አበባ የመስከረም ነው፣ የጤፍ አጨዳም ወቅቱን አይለቅም። ክረምት ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ረጅም ምልልስ አትጻፉ፤ ዝናቡ ድምፁን ይበላዋል። እያንዳንዱን ትዕይንት ስትጽፉ ወሩን ከጎኑ አስፍሩ።

ገጠሬውን አነጋገሩን አጣማችሁ መሳቂያ አታድርጉት። እባካችሁ።

ረቂቁን ለሰው ጮክ ብላችሁ ሳታነቡ ጨረስኩ አትበሉ። ምላስ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር ተዋናዩንም ይይዘዋል።

የጎረቤትን ታሪክ ሳያስፈቅዱ መውሰድም አለ። ስም መቀየር አይበቃም፤ እንደ ደንበጫ ወይም ቢቸና ባለ ከተማ ሰው በአጥሩና በሥራው ይታወቃል። መጀመሪያ ቤታቸው ሄዳችሁ ታሪኩን እንደጻፋችሁት አንብቡላቸው። ይቅር ካሉ ይቅር፤ ሌላ ጻፉ።