ካርዱ ኪስ ውስጥ፣ ገንዘቡ ሌባ እጅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ካርድ አሳግዶ አዲስ መቀበል የተሰረቀውን ቁጥር ይዘጋል እንጂ ሌባው የገባበትን በር አይዘጋም። ቁጥሩ የወጣው ከድረ ገጽ ከሆነ መፍትሄው አንድ ነው፤ ከኤቲኤም ከሆነ ሌላ ነው፤ በስልክ ተጠይቆ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። በሩ ካልታወቀ አዲሱም ካርድ በወሩ ሊሰረቅ ይችላል። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ ከማጣራት በፊት መቆለፍ። አብዛኞቹ የባንክ መተግበሪያዎች ካርድን ለጊዜው የሚዘጋ አማራጭ አላቸው፤ ጥርጣሬው ከንቱ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ይከፈታል። ጊዜያዊው መቆለፊያ ግን ካርዱን አያሰርዝም። ስርቆት መሆኑ ከታወቀ ባንኩ ጋር ደውሎ ቁጥሩን ማስቀየር የግድ ነው። የባንኩን ስልክ ዛሬውኑ ይመዝግቡት፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ካርዱ ጀርባ ላይ ስለሆነ ካርዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ምልክት፦ የማያውቁት ትንሽ ገንዘብ ተቆርጧል

እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ፣ ስሙን ሰምተውት ለማያውቁት ሱቅ። ብዙ ሰው «ለዚህችማ ባንክ አልደውልም» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌባውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የተሰረቁ የካርድ ቁጥሮች በጅምላ ይሸጣሉ። የገዛቸው ሰው የትኛው እንደሚሠራ ለማወቅ በትንሽ ገንዘብ ይሞክራል፤ ካለፈለት ወደ ትልቁ ግዢ ይሄዳል።

ሆኖም ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ ሱቁ በሚያውቁት ስሙ ሳይሆን በተመዘገበበት ሕጋዊ ስም ወይም ክፍያውን በሚያስፈጽምለት ድርጅት ስም ሊወጣ ይችላል፤ መጠኑንና ቀኑን ከደረሰኝዎ ጋር ያስተያዩ። ሁለተኛ፣ ሆቴል፣ የመኪና አከራይና ነዳጅ ማደያ ከመጨረሻው ሂሳብ በፊት ገንዘብ ያስይዛሉ። ይህ «በመጠባበቅ ላይ» ተብሎ ይታይና አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቀቃል። ከሁለቱም ካልሆነ ቁጥሩ ሳይወጣ አልቀረም።

መንስኤው በብዛት ቁጥሩ የተጻፈበት ድረ ገጽ ነው። አንዳንዱ ከመነሻው ሐሰተኛ ነው። ሌላው ግን እውነተኛ ሱቅ ሆኖ፣ ሌቦች ክፍያ ገጹ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ የሚቀዳ ኮድ ሸሽገውበታል፤ ይህን ገዢ በዓይኑ ሊለየው አይችልም። በአንዳንድ ስልክና ኮምፒውተር አድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምስል የምትናገረው ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው። ሐሰተኛ ገጽም ቁልፍ ሊኖረው ይችላል።

መከላከያው እንግዲህ እውነተኛውን ቁጥር አለመስጠት ነው። ካርድን ስልክ ላይ መዝግበው በሚከፍሉባቸው እንደ አፕል ፔይና ጉግል ፔይ ባሉ መክፈያዎች ሲከፈል አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ለሱቁ አይደርስም፤ የሚደርሰው ምትክ ቁጥር ነው፤ ያ ቢሰረቅ ሌላ ቦታ አይሠራም። ባንክዎ ቨርቹዋል ካርድ፣ ማለትም ፕላስቲክ የሌለው የራሱ ቁጥር ያለው ካርድ፣ የሚሰጥ ከሆነ ለአንድ ሱቅ አንድ ያውጡና የወጪ ጣሪያ ያብጁለት። ምርጫው የእርስዎ ሲሆን ደግሞ በኢንተርኔት ከሂሳብዎ ወዲያው በሚቆርጠው ዴቢት ሳይሆን ባንኩ በብድር በሚከፍልልዎ ክሬዲት ካርድ ይክፈሉ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ከራስዎ ሂሳብ የወጣ ጥሬ ገንዘብ አይኖርም። የካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተው እንዲልኩ የሚጠይቅ ሻጭ ከገጠመዎ እምቢ ይበሉ። የካርድ ድርጅቶች የደህንነት ደንብ ሻጭ ሲቪቪውን፣ ማለትም ባለ 3 ወይም ባለ 4 አሃዙን ኮድ፣ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል፤ ፎቶው ግን ሻጩ ስልክ ላይ ይቀራል።

ምልክት፦ ካርዱ በእጅዎ ሳለ ከኤቲኤም ገንዘብ ወጥቷል

ለዚህ ሌባው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ የካርዱ ቅጂና የሚስጥር ቁጥሩ። ቺፑ ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ኮድ ስለሚያመነጭ የተቀዳው ለሁለተኛ ጊዜ አይሠራም። ከጀርባ ያለው ጥቁር የማግኔት መስመር ግን ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ የቀዳው ሰው ባዶ ካርድ ላይ ይጽፈዋል። ቅጂውን ማግኔት በሚቀበል ማሽን፣ አንዳንዴም በሌላ አገር፣ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው።

መቅጃው ካርድ ማስገቢያው ላይ የሚለጠፍ ሐሰተኛ አፍ ነው። ካርድዎን ከማስገባትዎ በፊት ማስገቢያውን በጣትዎ ይዘው ግራና ቀኝ ይነቅንቁት፤ የፋብሪካው አይንቀሳቀስም። የሙጫ ርዝራዥ፣ ከማሽኑ ጋር የማይሄድ ቀለም፣ ከቁጥሮቹ በላይ ካሜራ የሚሸሸግበት፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ያለበት ቁራጭ ፕላስቲክ ይፈልጉ። የቁጥር ሰሌዳው ከፍ ያለ ወይም ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ከላዩ ሌላ ሰሌዳ ተደርቦበት ሊሆን ይችላል። ካርዱ ሲገባ ከወትሮው ቢጠብብዎ ደግሞ ከውስጥ ስስ መቅጃ ተሰክቶ ይሆናል፤ ይህኛው ከውጭ አይታይም፤ ማሽኑን ይተዉት።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ነጻና ቀላል ነው። በአንድ እጅዎ ሲጫኑ ሌላውን እጅዎን እንደ ጣሪያ ይዘርጉበት። ካሜራው ሚስጥሩን ካላየ፣ የቁጥር ሰሌዳውም ካልተደረበበት፣ ቅጂው ኤቲኤም ላይ ገንዘብ አያወጣም። ማሽኑ ባንክ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። አዲስ ካርድ ሲወስዱም የድሮውን የሚስጥር ቁጥር አይድገሙት።

ኤቲኤሙ ካርዱን ውጦ ከቀረና አንድ «ደግ» ሰው ቀርቦ «ሚስጥሩን ደግመው ይጫኑት፣ ይመልሰዋል» ካለዎት ማስገቢያው ውስጥ ማነቆ ተደርጓል። ሰውየው ቁጥሩን እያየ ነው፤ እርስዎ ሲሄዱ ካርዱን ይጎትተዋል። ከቦታው ሳይነቃነቁ፣ ምንም ሳይጫኑ፣ ባንክዎ ጋር ደውለው ካርዱን ያሳግዱ።

ካርድ ኪስ ውስጥ እንዳለ በአየር ይነበባል የሚለው ስጋት ግን የተጋነነ ነው። ንክኪ አልባው ክፍያ የሚሠራው በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ሲሆን ለያንዳንዱ ክፍያ የሚሰጠው ኮድም የአንድ ጊዜ ነው። ለመከላከያ ቦርሳ ገንዘብ አያውጡ።

ምልክት፦ ያልጠየቁት የማረጋገጫ ኮድ በስልክዎ ገባ

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጥ መሆን አለበት። አንድ ሰው የካርድ ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ሲቪቪውን ይዞ አንድ እርምጃ ቀርቶታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቀረችው እርምጃ በእርስዎ ስልክ ላይ ናት። ደቂቃ ሳይቆይ ስልኩ ይጠራል። «ከባንክዎ ነው፤ በካርድዎ ግዢ እየተሞከረ ስለሆነ እንድንሰርዘው የደረሰዎትን ኮድ ያንብቡልን።» ደዋዩ ስምዎንና የካርድዎን የመጨረሻ 4 አሃዞች ይጠራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የባንኩ ቁጥርም ሊሆን ይችላል፤ የደዋይ ቁጥርን ማስመሰል ይቻላልና።

መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ብዙ ጊዜ «ለእገሌ ሱቅ ይህን ያህል ክፍያ ለማጽደቅ» ይላል። ግዢን የሚያጸድቅ ኮድ ግዢን አይሰርዝም። ስልኩን ይዝጉና በመዘገቡት የባንክ ቁጥር፣ ቢቻል በሌላ ስልክ፣ ራስዎ ይደውሉ። ኮዱን ባይሰጡም ካርዱን ያስቀይሩ፤ ኮድ የማይጠይቁ ሱቆች ስላሉ ቁጥሩ አሁንም ይሠራል። ሰጥተው ከሆነ በዚያች ደቂቃ ይደውሉና የሆነውን ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ያላለቀ ክፍያ አንዳንዴ ሊቆም ይችላል። ኋላ ግን ባንኩ «ራስዎ አጽድቀውታል» የማለት ዕድል ያገኛል።

ደዋዩ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር የተባሉትን፣ መሣሪያዎን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችሉ መተግበሪያዎች፣ አስጭኖዎት ከሆነ ኢንተርኔቱን ያጥፉ፣ መተግበሪያውን ያስወግዱ፣ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃልዎን ከሌላ መሣሪያ ላይ ይቀይሩ።

ምልክት፦ ኔትወርክ ድንገት ጠፋ፣ ወይም ኢሜይል እንደ ጎርፍ ወረደ

አጠገብዎ ያለው ሰው ስልክ እየሠራ የእርስዎ ብቻ ኔትወርክ ካጣ፣ ስልኩን አጥፍተው ሲያበሩትም ካልተመለሰ፣ ቁጥርዎ ወደ ሌላ ሲም ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ኮዶቹ የሚደርሱት ለሌባው ነው። በሌላ ስልክ ለቴሌኮሙ ደውለው መስመሩን ያዘጉ፤ ወዲያው ለባንኩ።

በደቂቃዎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የምዝገባ ኢሜይሎች ከወረዱ ደግሞ መካከላቸው የተደበቀ የግዢ ማረጋገጫ አለ ብለው ይጠርጥሩ። በጅምላ አያጥፉ። «ትዕዛዝ»፣ «ደረሰኝ» የሚሉ ቃላትን ይፈልጉ፤ ዕቃው ካልተላከ ሱቁ ሊያስቀረው ይችላል።

ምልክት፦ ካርዱ ተቀይሮም መቆረጡ አልቆመም

ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን ቁጥር ለወርሃዊ ክፍያ ተቀባዮች የሚያስተላልፍ አገልግሎት አላቸው። የታሰበው ደንበኛው እንዳይቸገር ነው፤ ሳያስቡት የገቡበት ወርሃዊ ምዝገባ ግን በዚሁ መንገድ ይከተላል። ባንኩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ያንን ተቀባይ እንዲያግድና ካርዱን ከማስተላለፊያው እንዲያወጣ። ካርድዎ የተመዘገበባቸውን እንደ አፕል ፔይ ያሉ የስልክ ዋሌቶች ዝርዝርም ያስነብቡ፤ የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡት።

ገንዘቡን ማስመለስ

ለባንኩ በጽሑፍ ያቅርቡ፦ ቀን፣ መጠን፣ የሱቁ ስም የሂሳብ መግለጫው ላይ እንደሰፈረ፣ የግብይቱ ቁጥርና ያወቁበት ሰዓት። የቅሬታ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ። በስልክ የተነገረዎትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጽፈው ይያዙ። የማመልከቻ ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ የወሩን መግለጫ አይጠብቁ። በመተግበሪያው ላይ ማሳወቂያውን ከዝቅተኛው መጠን ጀምሮ ያብሩት፤ ብዙዎች ከፍ ካለ ገንዘብ በታች እንዳይጮህ አድርገው ስለሚተዉት የመጀመሪያዋ የሙከራ ክፍያ ድምፅ ሳታሰማ ታልፋለች።