የማተሚያ ማድረቂያ በቲነር ተን እንዳይፈነዳ ምን እናድርግ?

ላስቲክ ላይ የምናትመው ቀለም ውስጥ ያለው ቲነር (የቀለም ማቅጠኛ) ማድረቂያው ውስጥ ሲገባ ጠፋ ማለት አይደለም። ተን ሆኗል። ተኑን አየር ጠርጎ ካላወጣው የጋለው ሂተር ያቀጣጥለዋል።

መጀመሪያ በሰዓት ስንት ሊትር ቲነር እንደምትጨርሱ ለኩ። ብዙ ቲነር ውስጥ ያለው ቶሉይን በአየር ውስጥ 1.1 በመቶ ገደማ ከደረሰ ይቀጣጠላል። ከዚህ ሩብ በታች ለመቆየት ለ1 ሊትር ከ80 ሜትር ኩብ በላይ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል። ይህ ግን የባሕር ጠለል ሒሳብ ነው። እኛ የምንሠራባት ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ያው 1 ሊትር የሚሰጠው ተንም ይሰፋል። ስለዚህ እኔ ለ1 ሊትር ከ110 ሜትር ኩብ በታች አልወርድም።

ከባዱ ነገር መብራት ሲሄድ ነው። ፋኑ ይቆማል፣ ውስጥ የቀረው ያልደረቀ ላስቲክ ግን መትነኑን አያቆምም። አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሥራው አስቸኩሎኝ ሂተሩንና ፋኑን አንድ ላይ አበራሁ። ድው አለ! የማድረቂያው በር ተገንጥሎ ግድግዳው ላይ ተላተመ፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቅንድቡ ተቃጠለ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ቆሞ ቢሆን ኖሮ በሩ ያገኘው ነበር።

አሁን መብራት እንደሄደ የሂተሩን ማብሪያ እናጠፋለን። ሲመጣ ፋኑ ብቻውን ይነሳል። የማድረቂያውን ውስጥ ቢያንስ 4 እጥፍ የሚሆን አየር እስኪያስወጣ ድረስ ሂተሩን ማንም አይነካም። ማድረቂያው 3 ሜትር ኩብ ሆኖ ፋኑ በደቂቃ 6 ቢያወጣ 2 ደቂቃ ይበቃል፤ እኛ 5 እንጠብቃለን።

ሂተሩ ያለ አየር እንዳይበራ የሚከለክል የአየር ግፊት ስዊች አስገጥሙ። ኤሌክትሪሽያኑ «ከፋኑ ሞተር ጋር ላገናኘውና ይበቃል» ካላችሁ እሺ አትበሉት። ቺንጋው ቢበጠስ ሞተሩ መሽከርከሩን ይቀጥላል፣ አየሩ ግን ቆሟል። ማድረቂያው ባዶ እያለ የአየር መውጫውን በካርቶን ሸፍናችሁ ሞክሩት። ሂተሩ ካልጠፋ የዚያን ቀን ሥራ የለም።

ክረምት ላይ ቀለም አልደርቅ ሲል ደግሞ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ መውጫውን የሚያጠብ ሠራተኛ አይጠፋም። እኔ መዝጊያውን በብሎን አስሬዋለሁ። ካልደረቀ የማሽኑን ፍጥነት ቀንሱ።

ማሽኑን ከመሬት ሽቦ ጋር ማገናኘት የግድ ነው። በቲነር የራሰ ጨርቅም ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ፣ ማድረቂያው አጠገብ አይደር።