የቮልሳችሁ የውስጥ መብራት አልበራ ሲል

ፒያሳ አንድ ማታ መኪና ውስጥ የወደቀ ቁልፍ በስልክ መብራት ስፈልግ፣ የፓርኪንጉ ልጅ «ፋዘር፣ ይቺ ቮልስ አምፖል የላትም እንዴ?» አለኝ። አምፖሉን ከቀየርኩት ሳምንት አልሞላውም።

በአብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች የጣሪያው መብራት ፖዘቲቩን ሁልጊዜ እንዳገኘ ነው። በሩ ሲከፈት ወጣ የምትለው ትንሽ ቁልፍ ሥራዋ ኔጌቲቩን ከቦዲው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ አምፖል ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. የመብራቱን ማብሪያ እዩ። ሦስት ቦታ አለው፦ ሁሌም የሚበራ፣ የጠፋ፣ በበር የሚበራ። ልጆች ነካክተውት ይሆናል። «ሁሌም» ላይ ስታደርጉት ከበራ፣ አምፖሉም ፊውዙም ደህና ናቸው፤ ማብሪያውን «በበር የሚበራ» ላይ መልሱና በቀጥታ ወደ 4 እለፉ።

2. አምፖሉን አውጡ። የሚይዙት ሁለት ቆርቆሮዎች አረንጓዴ ዝገት ይዘው ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርጓቸው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የባትሪያችሁን ቮልት እወቁ፤ የድሮዎቹ 6 ቮልት ናቸው። የ6 ቮልት አምፖል 12 ቮልት ላይ ወዲያው ይቃጠላል።

3. ፊውዝ። ዳሽቦርዱ ስር ነው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። ሳትነቅሉ በጣታችሁ ባለበት አሽከርክሩት፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ያለው ዝገት ተፍቆ መብራቱ ይመጣል። የተቃጠለ ከሆነ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ የሚባለውን ነገር እርሱት። ፊውዙ ያልተቃጠለ እንደሆነ የሚቃጠለው ገመዱ ነው።

4. በሩ ሲከፈት ወጣ የምትለው ቁልፍ። እዚህ ጋ ተረጋጉ፣ ብዙው ጥፋት ያለው እዚህ ነው። የያዛትን ብሎን በካቻቢቴ ፍቱና ቁልፏን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ገመዱ ከአመለጠ ምሰሶው ውስጥ ገብቶ ያሰቃያችኋል። ገመዱን ነቅላችሁ ጫፉን ቀለም የሌለው ብረት ላይ ንኩት። አትፍሩ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በአምፖሉ በኩል አልፎ ስለሆነ ፊውዝ አያቃጥልም። መብራቱ በራ? ችግሩ ቁልፏ ወይም ብሎኗ ናት። ካልበራ ገመዱ መሃል ላይ ተቆርጧል።

የኔ በራ። ለካ መኪናዋ ቀለም ስትቀባ ብሎኗ የምትገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን አብሮ ተቀብቷል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቢላ ጫፍ ብር እስኪመስል ፋቅኩት፣ ትንሽ ቫዝሊን ነካ አድርጌ ብሎኗን መለስኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ለአምፖሉ ያወጣሁት ብር ግን አሁንም ይቆጨኛል።

5. በሩ ተዘግቶም አልጠፋ ካለስ? ያንኑ ገመድ ከቁልፏ ንቀሉት። ከጠፋ ቁልፏ ተጣብቃለች። ካልጠፋ ደግሞ ሌላኛውን በር ሞክሩ፤ እሱም ካልሆነ ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ እየነካ ነው፤ ፈልጋችሁ በናስትሮ ጠቅልሉት። ከዚያ በፊት ግን የኋላውን ወንበር አንሱና የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ነገ እሠራዋለሁ ብላችሁ እንዳትተዉት፤ 10 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ወደ 0.8 አምፔር ይጠጣል፣ ቅዳሜ ያቆማችኋት መኪና ሰኞ ጠዋት በግፊ ነው የምትነሳው።