በድሬዳዋ ውሃ ፓስቸራይዘርን ሳይፈቱ ማጠብ

የድሬዳዋን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ነጩን ቅርፊት ያውቀዋል። የከርሰ ምድር ውሃው ካልሲየም ይበዛበታል፤ ያው ቅርፊት ወተት አሙቆ ጀርም በሚገድለው ማሽን፣ በፓስቸራይዘሩ፣ ሳህኖች ላይም ይጋገራል። ስለዚህ ለስላሳ፣ ማለትም ካልሲየም ያነሰበት፣ ውሃ ላለው አገር የተጻፈ የእጥበት መመሪያ እንዳለ ቢወሰድ እዚህ አይሠራም።

የሚከተለው መጠን ከማይዝግ ብረት ለተሠራ የወተት መስመር ነው። አሉሚኒየም ካለበት ኮስቲክ ሶዳ አያስገቡ፤ ብረቱን ይበላዋል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል።

ወተቱ እንዳለቀ፣ ሳይደርቅ፣ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ያለቅልቁ። ከ60 ዲግሪ ካለፈ ፕሮቲኑ ብረቱ ላይ ይበስላል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቅባቱ ይረጋል። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይፍሰስ፣ ተመልሶ አይዙር።

ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ፦ ለ200 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ። መነጽርና የጎማ ጓንት አድርገው ሶዳውን ቀስ እያሉ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ፤ ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሱ ይፈናጠራል። ከዚያ አሙቀው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ በመስመሩ ውስጥ በፓምፕ ያዙሩት። ደቂቃው የሚቆጠረው ወደ ታንኩ በሚመልሰው፣ በተመላሹ፣ ቧንቧ ላይ 75 ከሞላ በኋላ ነው። የታንኩ ቴርሞሜትር ያታልላል፤ መንገድ ላይ የሚጠፋውን ሙቀት አያሳይም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፍጥነቱ ነው። ሶዳው ያላላውን ቆሻሻ ነቅሎ የሚወስደው የውሃው ግፊያ ስለሆነ በቧንቧው ውስጥ ቢያንስ በሰከንድ 1.5 ሜትር መጓዝ አለበት። ለ2 ኢንች ቧንቧ ይህ በሰዓት 10,000 ሊትር ያህል ነው። በንጹህ ውሃ ይለኩት፦ ተመላሹን ወደ 200 ሊትር በርሜል ሲያዞሩት በ72 ሰከንድ ገደማ መሙላት አለበት። ካልሞላ ፓምፑንና ማጣሪያውን ያዩ እንጂ ሶዳ አይጨምሩ።

ጠንካራ፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት፣ ውሃ ላይ ሶዳው ራሱ ካልሲየሙን ከውሃው ለይቶ ብረቱ ላይ ያወርደዋል። የውሃ ማለስለሻ ቢኖር ይመረጣል። ከሌለ ቅርፊቱን የሚያሟሟውን አሲድ በሳምንት አንዴ ሳይሆን በየእጥበቱ ማዞር ነው።

ሶዳው በደንብ ተለቅልቆ ከወጣ በኋላ ለ200 ሊትር ውሃ 2 ሊትር ባለ60 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ይጨምሩ፤ እዚህም አሲዱ ወደ ውሃው ነው። በ65 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይዙር። ከዚያ በላይ ማሞቅ ጎሚኒዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ያደርቃል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የማይዝገውን ብረት ስለሚበሳሳው አይተካውም። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አንድ ክፍል ውስጥ እንኳ አብረው አይቀመጡ።

ትኩስ ታንክ ክዳኑ እንደተዘጋ ቀዝቃዛ ውሃ አይረጭበት፤ እንፋሎቱ ድንገት ተሰብስቦ ታንኩን ያጨማድደዋል። የመጨረሻው ልቅላቂ ውሃ አሲድነትን በቀለም በሚያሳየው ፒኤች ወረቀት ላይ ከሚገባው ውሃ ጋር አንድ ሲሆን ያቁሙ። ወተት ከመግባቱ በፊት ደግሞ በ85 ዲግሪ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያዙሩ።

የመቀበያ ታንኩ ሲደርቅ ውስጡን ይዩት። ነጭ ነገር ላይ አሲድ ሲንጠባጠብ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፣ አሲዱ አንሷል። በጓንት ሲዳሰስ ካንሸራተተ ቅባት ነው፤ ሶዳው፣ ሙቀቱ ወይም ፍጥነቱ ጎድሏል።