በግድብ ሐይቅ ዳር ማደር፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ወይም ባሌ የሚነዳ ሰው በበጋ ወራት ቆቃ ወይም መልካ ዋከና ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ቢያምረው አይገርምም። ቦታው ሰፊ ነው፣ ወፉ ብዙ ነው፣ ሌሊቱም ጸጥ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የግድብ ሐይቅ እንደ ላንጋኖ ያለ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። ክረምት ላይ ይሞላል፤ በጋውን ሙሉ ተርባይን ሲያዞርና መስኖ ሲያጠጣ ይሸሻል። ሲሸሽ ትቶት የሚሄደው መሬት ደግሞ ወንዙ ለዓመታት ያመጣው ደለል ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ቆቃ አዋሽ በሚያመጣው ደለል ብዙ መጠኑን ያጣ ግድብ ነው። ዳሩ ላይ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ወዲያ ወዲህ ከሚል ዳርቻ ነው።

መኪናው ደረቅ በመሰለ መሬት ላይ ሰመጠ

መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ነጭ ሆኗል፣ ሰው ሲራመድበት አይሰምጥም። መኪና ሲገባበት ግን የፊት ጎማዎቹ ይሰጥማሉ፤ ነዳጅ ሲሰጡት ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ በመጨረሻም የመኪናው ሆድ ጭቃው ላይ ይተኛል።

መንስኤው ቅርፊቱ ነው። ፀሐይ ያደረቀችው የላይኛውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ውሃ የጠጣ ደለል አለ። ቅርፊቱ የሰው ክብደት ይችላል፣ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና ግን አይችልም። የተጣበቀው ጭቃ የጎማውን ጥርስ ስለሚሞላው ጎማው መሬት መቧጠጥ ያቅተዋል።

ሳይሰምጥ በፊት የሚደረገው ቀላል ነው። ከመኪናው ወርዳችሁ የምትሄዱበትን መስመር በእግር ሂዱ፤ በየአሥር እርምጃው ግማሽ ሜትር የሚሆን ቀጭን ብረት በእጃችሁ ጫኑ። ያለ ትግል ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ መኪና አያልፍም። መሬቱ ላይ ያለው ሣር አጭርና ትኩስ አረንጓዴ ከሆነም ቅርብ ጊዜ ውሃ የነበረበት ነውና ተመለሱ። ያረጀ ቁጥቋጦና ግራር የቆመበት መስመር የሐይቁን ከፍተኛ ልክ ያሳያል፤ መኪና የሚቆመው ከዚያ በላይ ነው።

ከሰመጠ ነዳጅ መስጠት ወዲያውኑ ይቁም። እያንዳንዱ ሽክርክሪት ጉድጓዱን ያሰፋዋል እንጂ አያወጣም። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ሰውና ከባድ ዕቃ ይውረድ። የውሃ ጀሪካንና ስኮርት ጎማም ጭምር።
2. የአራቱንም ጎማ አየር ከ35 ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዱ። ጎማው ሲተኛ መሬት የሚነካው ስፋት ስለሚጨምር ክብደቱ ይበተናል።
3. መውጫው ብዙ ጊዜ በመጡበት በኩል ነው፤ ያ መሬት አንዴ ችሏችኋልና። ከጎማዎቹ ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ ዘርጋ ያለ ተዳፋት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የመኪናው ሆድ ከነካም ከሥሩ አውጡ።
4. ሳንቃ፣ የመኪና ምንጣፍ ወይም የተቆረጠ ቁጥቋጦ ከጎማው ሥር ጠበቅ አድርጋችሁ አስገቡ። ክሪክ ካስፈለገ በመጀመሪያ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ሳንቃ ከሥሩ አንጥፉ፤ አለበለዚያ የሚሰምጠው ክሪኩ ነው።
5. ፎር ዊል ካለው በከባዱ ማርሽ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ነዳጅ ሳትጨምሩ በዝግታ ልቀቁ። ሰው ከጎማው ፊትም ኋላም አይቁም፤ ሳንቃው ሊስፈነጠር ይችላል።

ከወጣችሁ በኋላ በ18 ፒኤስአይ አስፋልት ላይ መንዳት ጎማውን ያግላል፣ ያፈነዳልም። ትንሽ የ12 ቮልት ኮምፕረሰር ይዞ መሄድ የግድ ነው፤ ቅርቡ ጎሚስታ ሞጆ ወይም መቂ ሊሆን ይችላል።

ውሃው አረንጓዴ ነው፤ አፍልተን እንጠጣው?

አይጠጣም። ይህ ክፍል ረዘም የሚለው ሰዎች «ከፈላ ንጹሕ ነው» ብለው ስለሚያምኑ ነው።

ዳሩ ላይ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል፤ ነፋስ በሚገፋበት ጥግ ወፍራም አረፋ ይከማቻል፣ ሲበሰብስ ይሸታል። እንጨት ነክራችሁ አውጡ። አረንጓዴ ክር ተንጠልጥሎ ከወጣ ተራ አልጌ ሊሆን ይችላል። እንጨቱ ቀለም እንደተቀባ ከወጣ ግን ሳያኖባክቴሪያ (አልጌ የሚመስል፣ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ባክቴሪያ) ነው ብላችሁ ያዙት። ቆቃ በተለይ ማይክሮሲስቲስ በተባለው ዓይነት ይታወቃል፤ ይህም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መንስኤው ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከከተማና ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚገባው ንጥረ ነገር፣ የቆመ ውሃና ሙቀት ናቸው።

ማፍላት ጀርምን ይገድላል፣ መርዙን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ሕዋሱ ሲፈነዳ በውስጡ ያለው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪንም፣ ለካምፕ የሚሸጠው ተራ ማጣሪያም ለዚህ መተማመኛ አይሆኑም። በዚህ ውሃ ምግብ አይበሰልም፣ ዕቃ አይታጠብም፣ ሕፃን አይዋኝም፣ ውሻም አይጠጣም። ውሻ ጸጉሩን ሲልስ ብቻ ብዙ ሊወስድ ይችላል።

ጥርት ያለ ውሃ ባለበት ዳርም ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል። እሱ የሚገባው በቆዳ በኩል ነውና ለመያዝ እግር ነክሮ መቀመጥ ብቻ ይበቃል።

መፍትሄው ውሃ ጭኖ መሄድ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 6 ሊትር ያዙ። ለአራት ሰው፣ ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን 72 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ማለት ነው። 80 ኪሎ ስለሚመዝን ከኋላ ጫፍ ሳይሆን ከኋላ ጎማው ፊት፣ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። አረንጓዴ ያልሆነ ንጹሕ የወንዝ ወይም የምንጭ ውሃ ካገኛችሁ ፍል ፍል ካለ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ ይፍላ።

ድንኳኑ ከሰዓት በኋላ ተነቅሎ ወደቀ

ጠዋት የተተከለ ድንኳን ጸጥ ብሎ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ችካሎቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በጋ ላይ ነፋሱ ይበረታል፤ ክፍት ውሃ ላይ ደግሞ የሚያግደው ነገር የለም። ከድንኳን ጋር የሚሸጠው ቀጭን ችካል 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደለል ውስጥ የሚይዘው የለውም።

ማዳበሪያ ጆንያ በአፈር ሙሉና አፉን እሰሩ፤ መወጠሪያ ገመዱን መሐሉ ላይ አስራችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩትና በእግር ርገጡት። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ሁለት፣ በሌላው ጎን አንድ አንድ ይበቃል። የድንኳኑ ጠባብ ወገን ወደ ነፋሱ ይዙር፤ በሩ ግን አይዙር።

ጠዋት ድንኳኑ ውስጡ ረጥቧል፣ ዝናብ ግን አልነበረም

የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጨርቁ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል። መስኮቶቹን ከላይም ከታችም ክፍት አድርጋችሁ መረቡን ብቻ ዝጉ፤ ድንኳኑንም ከዳሩ አርቃችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከሉት።

ትንኙ አላስተኛ አለ

ቆቃ አካባቢ ወባ አለ። ውሃው ሲሸሽ ዳሩ ላይ ትናንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ የከብት ኮቴ በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ የታቆረችው ጣሳ የማትሞላ ውሃ እንኳን ለወባ ትንኝ ትበቃለች። ስለዚህ ድንኳን ከምትተክሉበት ዙሪያ ያለውን መሬት ተመልከቱ፤ ከብት የሚጠጣበት ዳር ከሆነ ራቁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲኢኢቲ (DEET) ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ተኙ። ስለ መከላከያ መድኃኒት ከጉዞው በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» አትበሉ፤ ተመርመሩ፣ የት እንዳደራችሁም ተናገሩ።

ሌሊት ከባድ ነገር እየረገጠ አለፈ

ጉማሬ ነው። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ሣር ፍለጋ ወጥቶ ኪሎ ሜትሮች ይጓዛል፣ ሁልጊዜም በለመደው መንገድ። መንገዱ ይታወቃል፦ ከውሃው ወደ ላይ የሚወጣ ሰፊ ቦይ፣ ግራና ቀኙ የተረገጠ፣ መሐሉ ላይ ጉብታ የቀረ፤ ዳር ዳሩ ቁጥቋጦ ላይ ፋንድያ ተበትኖ ይታያል። ይህን ካያችሁ እዚያ አትተክሉ። ከውሃው 200 ሜትር ራቁ፤ እሳት ይመልሰዋል ብላችሁም አትመኑ። ዋናው አደጋ በጉማሬውና በውሃው መካከል መቆም ነውና ሌሊት ወደ ዳር አትውረዱ። ለአዞም ይኸው ይሠራል፤ ጎንበስ ብሎ ውሃ መቅዳት አያስፈልግም። ጅብ ደግሞ ምግብና ቆዳ ይፈልጋል፤ ምግቡም ጫማውም መኪና ውስጥ ይደር።

ብርድ፣ የደከመ ምድጃና ከሰል

መልካ ዋከና 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ቡቴን ብቻ ያለበት ትንሽ የጋዝ ጣሳ በዚህ ብርድ ግፊቱ ይሞታል፣ ነበልባሉም ይጠወልጋል፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ግዙ ወይም ጣሳውን ከማብራታችሁ በፊት ጋቢ ውስጥ አሙቁት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ምስር ቤት ከለመዳችሁት በላይ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ቀን ዘፍዝፏቸው። ሰውነታችሁን የሚያቀዘቅዘው በብዛት መሬቱ ነው፤ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ካለ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይነጠፍ።

የቡና ከሰሉን ግን ለሙቀት ብላችሁ ወደ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ በጭራሽ አታስገቡ። ጢሱ ያለቀ፣ ፍሙ የቀላ ከሰል ነው ብዙ ሰው የገደለው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ድንኳን ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ከተጫናቸው ምክንያቱ ይኸው ነው። ወዲያው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፣ የተኛ ይቀስቀስ፣ ግራ የተጋባ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሆስፒታል ይሂድ።

መኪናው ጠዋት አልነሣ አለ

የ12 ቮልት ማቀዝቀዣ ሲሠራ 4 አምፔር ያህል ይስባል። በ12 ሰዓት ውስጥ ግማሹን ጊዜ ከሠራ 24 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ከ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚወሰደው ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው። መብራትና ስልክ ሲጨመር ያልቃል። ማቀዝቀዣው ቮልቴጅ ሲወርድ ራሱን የሚያጠፋበት ቁልፍ ካለው ወደ ከፍተኛው አድርጉት፤ ቢቻል ለብቻው ባትሪ ይኑረው። በሌላ መኪና ስታስነሡ ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጤነኛው ባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ቆመው ሞተር ባዶ ብረት እሰሩ። ማኑዋል ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ተገፍቶ ይነሣል፤ አውቶማቲክ በግፊያ አይነሣም።

ጠዋት ባለ መሬቱ መጣ

ውሃ የሸሸበት መሬት ባዶ አይደለም፤ ገበሬው ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርትበታል፣ ከብት ያሰማራበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ደርሳችሁ በቅርብ ያለውን ቤት ሰላም በሉ፣ «አባቴ፣ እዚህ ብናድር ይፈቀድልናል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀበሌውንም አሳውቁ፣ ጥበቃ የሚያድር ካለ ዋጋውን ሳይመሽ ተስማሙ። የመንገዱን ደኅንነትም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከግድቡ በታች ባለው የወንዝ አሸዋ ላይ እንድታድሩ ቢጋብዟችሁ ግን እምቢ በሉ፤ በር ሲከፈት ወይም ተርባይን ሲነሣ ውሃው ሳይታሰብ ይሞላል።