ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ደጋ የእንግዳ ማረፊያ ቀጠሮ አያያዝ

እንደ መንዝ ጓሳ ባለ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው ማረፊያ ካለ፣ ከድረ ገጹ በፊት ቀጠሮው ይስተካከል። ለዚህ አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ይበቃል።

ዋናው መዝገብ ደብተሩ ነው፤ ቀጠሮ የሚያጸድቀውም አንድ ሰው ብቻ። ሁለት ሰዎች በየስልካቸው «እሺ» ካሉ፣ አንዱ ክፍል ለሁለት እንግዳ ይያዛል።

ትልቁ ጣጣ የቀን አቆጣጠሩ ነው። የውጭ እንግዳ «ጃንዋሪ 19» ብሎ ይልካል፣ መዝጋቢው «ጥር 19» ብሎ ያሰፍራል። በ2019 ዓ.ም. ጃንዋሪ 19 የሚውለው ጥር 11 ነው፤ ጥር 19 ደግሞ ጃንዋሪ 27። እንግዳው ስምንት ቀን ቀድሞ ከች ይላል፤ በሩ ተቆልፏል፣ ወጥ ቤቷም ጥምቀት ወርዳለች። መድኃኒቱ የሳምንቱን ቀን አብሮ መጻፍ ነው፦ «ማክሰኞ፣ ጥር 11፣ ጃንዋሪ 19»። ጥር 19 ረቡዕ ስለሆነ ስህተቱ እዚያው ይጋለጣል። ሰዓትም ያው ነው፤ «ለ7 ሰዓት በቅሎ ይዘጋጅልኝ» ያለው ፈረንጅ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። «ጠዋት» ወይስ «ከሰዓት» ሳይባል ሰዓት አይመዝገብ።

ማረጋገጫውን በቴሌግራም ብቻ ሳይሆን በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ላኩ፤ ዳታ አይፈልግም። ቀብድ በቴሌብር ሲገባ የስክሪን ፎቶ አትመኑ፣ በቀላሉ ይቀነባበራል። በ*127# ገብታችሁ ሒሳቡን እዩ፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

የፀሐይ ኃይሉን ከመግዛት በፊት አስሉ። መለኪያው ዋት ሰዓት ነው፤ ዋቱ በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ ማለት ነው። ስድስት ስልክ እያንዳንዱ በ15 ዋት ሰዓት 90፣ አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 100፣ ባለ 10 ዋት ራውተር ለ12 ሰዓት 120፤ ድምሩ 310 ዋት ሰዓት። ባለ 100 ዋት ፓነል በጋ ላይ በቀን ለ5 ሰዓት ያህል ፀሐይ ሲያገኝ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ 350 ገደማ ይሰጣል። ክረምት ላይ ፀሐዩ ወደ 3 ሰዓት ከወረደ ግን 210 ብቻ ነውና 150 ዋት ግዙ። ኃይሉን የሚያጠራቅመው ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት (1,200 ዋት ሰዓት) የሊድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ብርድም አቅሙን ይቀንሰዋል።

የቀይ ቀበሮ ፎቶ ስትለጥፉ የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ አጥፉ። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ቡችሎች በጉድጓዱ አሉ፤ ቦታው ከታወቀ ሰው ይከብበዋል። ቴሌግራም ላይ በፎቶነት የተላከ ምስል የቦታ መረጃው ይወገዳል፣ በፋይልነት የተላከ ግን ይዞት ይሄዳል።